ጀርባውን ለሜዳው የሰጠ ካሜራ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም የተነሳውን ፎቶ ያላየ የኳስ አፍቃሪ ያለ አይመስለኝም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአፍሪካ ዋንጫን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሲያስረክቡ። ጥር በመጣ ቁጥር ፌስቡክ ላይ ይዞራል፣ ቴሌግራም ላይ ይዞራል፣ ከማጣሪያ በወደቅን ቁጥር ደግሞ «እኛ እኮ ድሮ…» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተመልሶ ይመጣል። ግብጽን (ያኔ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ነበር የምትባለው) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፍንበት ቀን ነው።

ፎቶውን ብዙ ጊዜ ወደ ራሴ አቅርቤ አይቼዋለሁ። የሚቆረቁረኝ የሌለበት ነገር ነው። ምስሉ የሚታወሰው በሁለት ሰውና በአንድ ዋንጫ ነው። ያን ቀን ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ ከታሪኩ ወጥቷል። ማን አጠገብ ማን ተቀምጦ ነበር? አራተኛዋ ጎል ስትገባ ማን ማንን አቀፈ? ይህን ፎቶው አይነግረንም፤ ሥራውም አይደለም። ሥራው ሰጪና ተቀባይን ማሳየት ነው። አንድነት ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ያሳየናል።

ተቀባዩ ደግሞ ቀላል ሰው አይደለም። ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣልያናዊ። ያን ቀን እሱም ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም ጎል አግብተዋል። ከዚያች ቅጽበት አሥር ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ኤርትራም ተራ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። ቫሳሎ ራሱ በደርግ ጊዜ ተሰዶ ቀሪ ዕድሜውን ጣልያን ነው የኖረው። ታዲያ ይህ ፎቶ ስለ አንድነት የተናገረው ውሸት ነበር? አይመስለኝም። ግን ስለ ሕዝቡ አንድነት የሚነግረን ነገር የለውም፤ ሕዝቡን አላየውማ።

እኔ የምኖረው ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ነው። ሙያዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ፎቶግራፍ አልተማርኩም። ግን ስልኬ ላይ «ደጋፊ» የሚል ፎልደር አለኝ። ኳሱ የማይታይባቸውን የኳስ ፎቶዎች ሁሉ የማጠራቅመው እዚያ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፎልደሩን ከላይ እስከ ታች ስመለከተው አንድ ነገር ገባኝ፦ ስለ ደጋፊ ኅብረት የሚጮኹት ፎቶዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ኅብረቱን አያሳዩም። ባንዲራውን፣ ጭሱን፣ የተቀባውን ፊት፣ የተዘረጋውን እጅ ያሳያሉ። ኅብረቱ ያለው ደግሞ ከዚያ ጎን፣ ብዙ ጊዜም ከፍሬሙ ጠርዝ ውጪ ነው።

ነገሩን ለማሳየት ከሩቅ ልጀምር። የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲካሄድ አራት አገሮች ነበሩ የሚጠበቁት፤ የተጫወቱት ግን ሦስት። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልክም ስላለች ቀረች። ኢትዮጵያ የምትገጥመው እሷን ስለነበር ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ ፍጻሜው ላይ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ይድነቃቸው ተሰማ ያኔም ኋላም፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሩም (ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ.) ከዚህ አቋም ንቅንቅ አላሉም። እስቲ አስቡት፤ በአፍሪካ ኳስ ታሪክ ትልቁ የፖለቲካ ትብብር ያልተደረገ ጨዋታ ነው። ያልተደረገ ጨዋታ ደግሞ ፎቶ የለውም። ባዶ ሜዳ ማን ያነሳል?

ከዚያ ወደ 2005 ዓ.ም. እንለፍ። ጥቅምት 4 ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የተሸነፍነውን ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ጎሎች ቀልብሰን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። የዚያን ምሽት ከተማው እንዴት እንደሆነ የእኔ እኩያ ሁሉ ያስታውሳል፤ አሁን እሱን ብጀምር አልጨርስም። ዋንጫው የተዘጋጀው የት ነበር? ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር፣ ኔልስፕሩይት፣ ምቦምቤላ ስታዲየም። ቀኑ ጥር 13። ከቫሳሎ ፎቶ ልክ 51ኛ ዓመቱ! ይህን ያገኘሁት ካሌንደር እያገላበጥኩ ነው፤ ማንም ሲያነሳው ስላልሰማሁ እዚህ ላይ ልመዝግበው ብዬ ነው።

የዚያ ቀን የዜና ወኪሎች ፎቶዎች አሁንም ይገኛሉ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ፊቱን የተቀባ ወጣት፣ ቩቩዜላ፣ ባንዲራ የለበሰ ጀርባ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ከትሪቡን ወደ ሜዳ የተወረወረው ጠርሙስና ቩቩዜላ ዓለምን ዞሯል። በአሥር ሰው አዳነ ግርማ ያገባት ጎልም እንዲሁ። የፎቶዎቹ መግለጫ «የኢትዮጵያ ደጋፊዎች» ብሎ ያልፋል። እነዚህ ደጋፊዎች ግን በአብዛኛው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሄዱ አልነበሩም። እዚያው የሚኖሩ ስደተኞች ናቸው፦ ጆሃንስበርግ ጂፒ ላይ የሚነግዱ፣ በየታውንሺፑ ትንንሽ ሱቅ ያላቸው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም.፣ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰው ሲገደል እዚያው ነበሩ፤ ሱቃቸውን በብረት ፍርግርግ ዘግተው፣ ስልክ እየተደዋወሉ።

አሁን ሁለቱን አጋጥሟቸው። በ1949 ኢትዮጵያ ለደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ስትል ከአንድ አገር ጋር አልጫወትም አለች። በ2005 የኢትዮጵያ ልጆች በነጻዋ ደቡብ አፍሪካ፣ በሰፈሩ እንደ ባዕድ በሚታዩበት አገር፣ ለአንድ ቀን በሺዎች ሆነው ሳይፈሩ አደባባይ ወጡ። ለእኔ የምቦምቤላ ፎቶ ፖለቲካው ይህ ነው። ቀለሙን ብቻ ካየነው ግን የትኛውም አገር ደጋፊ የሚያደርገው ካርኒቫል ይሆናል። በፎልደሬ ውስጥ የማልሰለቸው የምቦምቤላ ምስል አለ፤ ዝነኛም አይደለም። ከፊት አንድ ልጅ እየጮኸ ነው። ከኋላው ትኩረት ውጪ ሁለት ሰዎች ሜዳውን ትተው እርስ በርስ ያወራሉ፤ አንደኛው የሌላኛውን ማልያ ኮሌታ እያስተካከለ ነው። ሌንሱ የፈለገው ጯሂውን ነው። ፎቶውን ያስቀመጥኩት ግን ለኮሌታው ስል ነው።

እዚህ ላይ «ጩኸቱም እኮ ኅብረት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እስማማለሁ፣ ግማሹን። ችግሩ ካሜራው መለየት አለመቻሉ ነው። አንድ ማታ፣ ያው የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ ፊት የሚለይ ፕሮግራም የደጋፊ ፎቶዎች ላይ ለቀቅኩበት። ከፊት የተቀመጡትን ጥቂት ሰዎች በካሬ አጠረልኝ። የተቀቡትን ፊቶች አንዳንዱን ዘለላቸው። የኋላውን ሺህ ሰው ከነጭራሹ «ዳራ» ነው ያለው። ሳቅኩ። ቆይቼ ግን ፕሮግራሙ ከብዙ ፎቶ አንሺዎች የተለየ ነገር እንዳላደረገ አሰብኩ። ለረጅም ሌንስም ደጋፊ ማለት ዳራ ነው፤ ተጫዋቹ ደምቆ እንዲወጣ ከኋላ የሚደበዝዝ ቀለም።

ከዚህ የከበደም አለ። ኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልዲያና መቐለ ከተማ ሊጫወቱ በነበረበት ቀን ወልዲያ ላይ ግጭት ተነስቶ ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የክልል ክለቦች ጨዋታ የብሔር መፋጠጫ እየሆነ፣ አንዳንዱ ጨዋታ ወደ ገለልተኛ ሜዳ እስከ መዛወር ደርሷል። የዚያ ዘመን የደጋፊ ፎቶዎችን ቀለማቸውን አጥፉና ጥቁርና ነጭ አድርጓቸው። ከጥቅምት 2005ቱ ደስታ ጎን አስቀምጧቸው። የተከፈተ አፍ፣ የተወጠረ አንገት፣ ወደ ላይ የተዘረጋ እጅ። እኔ አልለያቸውም። እናንተም የምትለዩ አይመስለኝም። በአንድ ሺኛ ሰከንድ የተያዘ ሕዝብ ሊያቅፍም ሊደበድብም የተነሳ ሕዝብ ነው። ስለዚህ «ሺህ እጅ ባንድ ላይ ተነሳ» የሚል ፎቶ ስለ ወንድማማችነት ምስክር ሊሆን አይችልም። ምስክሩ በሁለት ሰው መሃል ያለው እጅ ነው። የማያውቀውን ሰው አጥር ላይ ጎትቶ የሚያወጣ እጅ፣ ቆሎ የሚያካፍል እጅ፣ የወደቀ ልጅ የሚያነሳ እጅ።

የእኛ አገር የጥበብ ፎቶግራፍ በዚህ ረገድ የት ቆሟል? እውነቱን ለመናገር ሌላ መንገድ ነው የሄደው። ግርማ በርታን ውሰዱ። «ሙቪንግ ሻዶውስ» በተባለው ሥራው የአዲስ አበባን ሰው ከጎዳናው ነቅሎ፣ ጥላውን ብቻ አስከትሎ፣ ደማቅ ባለ አንድ ቀለም ሜዳ ላይ ያቆመዋል። በስልክ የተነሱ ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲና የኢንስታግራምን የገንዘብ ድጋፍ አግኝቶበታል፤ ይገባዋልም። ሊስትሮው፣ ተሸካሚዋ፣ ባለ ጃንጥላው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግርግሩ ተለይተው ክብር አግኝተዋል። አይዳ ሙሉነህም እንዲሁ፦ የተቀባ ፊት፣ የተቆጠበ ቀለም፣ ብቻዋን የቆመች ሴት። በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት የዚህ ከተማ ወጣት ፎቶ አንሺዎች ከዓለም ጋር የተገናኙበት መድረክ ነው።

ለምን ብቻውን የቆመ ሰው እንደተመረጠ ይገባኛል። ለረጅም ዘመን የውጭ ካሜራ ኢትዮጵያዊን ያየው በጅምላ ነው፤ የተራበ ሕዝብ፣ የተሰለፈ ሕዝብ። አንድን ሰው ነጥሎ ማቆም ለዚያ መልስ ነበር። ግን መልሱ ራሱ ዋጋ አስከፍሏል። ሰውየውን ከግርግሩ ስትነቅለው አጠገቡ የነበረውን ሰውም ትነቅልበታለህ። የግርማ ሊስትሮ የቡና ደጋፊ ይሁን የጊዮርጊስ በምን እናውቃለን? እሑድ ከማን ጋር ስታዲየም ይሄዳል? የሚያስፈልገን ሦስተኛ ዓይነት ፎቶ ነው፤ ሰውን ሳይነጥል የሚለይ። ደጋፊ ለዚህ ከማንም የተሻለ ርዕስ ነው፤ በራሱ ፈቃድ ጅምላ ውስጥ የገባ ሰው ነውና።

ውጭ አገር የሞከሩት አሉ፤ እዚያም ግን የሚዞረው ባንዲራው ነው። ነሐሴ 11 ቀን 2008 ዓ.ም. ግላስጎው ላይ የሴልቲክ ደጋፊዎች ከእስራኤሉ ሃፖኤል ቤር ሼቫ ጋር በተደረገው ጨዋታ የፍልስጤም ባንዲራ አውለበለቡ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ክለቡን ቀጣ። ደጋፊዎቹ ለቅጣቱ ምላሽ መዋጮ ጀምረው ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ሰበሰቡ፤ የገንዘቡም ከፊል ቤተልሔም አጠገብ ያለው የአይዳ የስደተኞች ካምፕ ሕጻናት ላይ ዋለ። ሴልቲክ የሚል ስም ያለው የልጆች ቡድን እዚያ ተመሠረተ። የባንዲራው ፎቶ ዓለምን አዳርሷል። ማልያ ለብሰው የተሰለፉትን የካምፑን ልጆች ፎቶ ግን ስንቶቻችሁ አይታችኋል? ከሁለቱ ትብብሩን የሚያሳየው የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

የካይሮው ደግሞ ያማል። የአል አህሊ ደጋፊዎች በ2011ዱ አብዮት ታህሪር ላይ ከፖሊስ ጋር ሲታገሉ የነበሩ ልጆች ናቸው። በፎቶ ሁልጊዜ ጭስ ውስጥ ያሉ ጥላዎች ነበሩ። ጥር 23 ቀን 2004 ዓ.ም. ፖርት ሰይድ ስታዲየም ውስጥ ከ70 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በመሐመድ ማህሙድ ጎዳና ግድግዳ ላይ የሟቾቹ መልክ አንድ በአንድ ተሳለ፤ የግድግዳውም ፎቶ ዓለምን ዞረ። እነዚያ ልጆች ለካሜራ ፊት ያገኙት ሲሞቱ ነው።

ስለ ሞት ካነሳሁ፣ ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ውስጥ አንድ አዛውንት አርፈው ለቅሶ ደርሼ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከእድሩ ሰዎች ሌላ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ሰዎች በርከት ብለው ተቀምጠዋል። ከጀሞ፣ ከየካ አባዶ፣ ከኮዬ ፈጬ ነው የመጡት። ስታዲየም ለዓመታት አብረዋቸው የተቀመጡ ናቸው። አንዱን «ጎረቤት ነበራችሁ?» ብዬ ስጠይቀው «የካታንጋ ጎረቤት» አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። የስታዲየሙን ሰፈሮች የማታውቁ ካላችሁ፦ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ። የኮንጎ ግዛት ስም የያዘ ትሪቡን ያለበት ከተማ ነው የምንኖረው፤ ይህ ብቻውን አንድ መጣጥፍ ይወጣዋል። ለቅሶው ላይ ስልኩን አውጥቶ ያነሳ አልነበረም፤ ደግሞም ነውር ነው። ግን የደጋፊን ኅብረት አሳዩኝ ብትሉኝ የማሳያችሁ ያንን አግዳሚ ወንበር ነበር።

ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ድሮ እዚሁ አካባቢ ነበር ቤታቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልደታና ሰንጋ ተራ ሲፈርሱ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። ቅርብ ጊዜም ሌላው ቀጠለ። ሰፈር ሲፈርስ እድር ይፈርሳል፣ የቡና ጥሪ ይቀራል። ትሪቡኑ ግን ቦታው ላይ ነበር። ሰው ከጀሞ ተነስቶ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ የድሮ ጎረቤቱን ሚስማር ተራ ላይ ያገኘው ነበር። ስለ ደጋፊነትና ፖለቲካ ስናወራ ሁልጊዜ መፈክር እንፈልጋለን። ለእኔ የተበተነ ሰፈር በየሳምንቱ ራሱን መልሶ የሚሰበስብበት ቦታ ማግኘቱ ከመፈክር ይበልጣል።

የምቆረጥበት ጸጉር ቤት መስታወቱ ጥግ ላይ የድሮ የሰፈር ቡድን ፎቶ ተሰክቷል። ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ የቆረፈደ። አሥራ አንድ ልጆች፣ ማልያቸው የማይመሳሰል፣ ሦስቱ ባዶ እግራቸውን። የፎቶው ውበት ግን ከኋላ ነው፦ ከተጫዋቾቹ ጀርባ ሌላ ሃያ የሚሆን ሰው ተጋፍቶ ቆሟል፤ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ሕጻን፣ ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች እናት፣ ፎቶው ውስጥ ለመግባት የሚንጠራራ ልጅ። ፎቶ አንሺው «ተጫዋቾች ብቻ» አላለም።

«ጋሼ፣ እነዚህ ከኋላ ያሉት እነማን ናቸው?» አልኩት ባለቤቱን።

«ቡድኑ ነዋ!» አለኝ። «ማልያውን በመዋጮ የገዙት እነሱ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ በምን ትጫወታለህ፣ የኔ ልጅ?»

ፎቶውን አውጥቶ ጀርባውን አሳየኝ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ስም ተጽፏል፤ የተጫዋቾቹ ብቻ ሳይሆን የኋለኞቹም። ከአንዳንዱ ስም ጎን መስቀል አለ፣ ከአንዳንዱ ጎን የአገር ስም። አጽፋችሁ ያዙልኝ የሚያስብል ሰነድ ነው። ሰዉ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለውን መጽሐፍ የወደደው ለዚህ ይመስለኛል፤ ከየቤቱ አልበም የወጡ ፎቶዎች ከነታሪካቸው ናቸው። ያንን ዓይነት ሥራ ለሰፈር ቡድኖችና ለደጋፊዎቻቸው የሚሠራልን ሰው እፈልጋለሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ጣልያን አዲስ አበባ ከመግባቱ ጥቂት ወራት ቀድሞ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ የተመሠረተ ክለብ ነው። ኢትዮጵያ ቡና ከቡና ማደራጃ ሠራተኞች የወጣ ነው። የሁለቱም አጀማመር የሰፈርና የመሥሪያ ቤት ልጆች መሰባሰብ ነው። የዋንጫዎቻቸው ፎቶ ሞልቷል፤ የደጋፊዎቻቸው አልበም ግን በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ቤት በፈረሰ ቁጥር ይጠፋል።

ይህን የምለው ቸኩዬ ነው፤ ምክንያት አለኝ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በጥቂት ከተሞች እየዞረ በቴሌቪዥን የሚታይ ውድድር ሆኗል። አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ። በሐዋሳና በድሬዳዋ የሚነሱት ፎቶዎች ጥራታቸው ከድሮው የትና የት ነው፤ የተጫዋቹ ላብ ጠብታ ይቆጠራል። ከኋላው ያለው ወንበር ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ብሔራዊ ቡድኑም ደረጃውን የሚያሟላ ሜዳ ጠፍቶ «የሜዳችንን» ጨዋታ ሰው አገር ማድረግ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን ድጋሚ አሸነፍናት፣ 2 ለ 0። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። የጨዋታው ቦታ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር።

የዚያ ቀን ፎቶዎች ፎልደሬ ውስጥ አሉ። ጎል ያገባው ተጫዋች እንደ ልማዱ ወደ ትሪቡን ይሮጣል። እኛ ያን ሰዓት ጠመንጃ ያዥ፣ አንዲት ጠባብ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ፣ አንዱ የሌላው ጭን ላይ ተቀምጦ፣ የማላውቀው ሰውዬ አንገቴን አንቆ እየጮኸ ነበር። ቤቱ ውስጥ የነበረው ካሜራ ሁሉ የዞረው ወደ ቴሌቪዥኑ ነው።